የሚያዝያ ሃያ ሰባት ልጆች

ሥራዬ መዝጋቢነት ነው። ጎጆ ከተማ፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ የተወለደውም የሞተውም፣ ያገባውም የፈታውም እኔ ጠረጴዛ ፊት ይቆማል። በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ «ወሳኝ ኩነት» ይባላል። ስሙ ሲሰሙት ትልቅ ነው፤ ክፍሉ ግን አንድ መስኮት፣ ሦስት ወንበርና አንድ የማይዘጋ መሳቢያ ነው ያለው። ጎጆ ደግሞ ብርድ ነው። ለገብሱና ለድንቹ የተመቸው ብርድ ለጣት አይመችም። ጠዋት ጠዋት እስክሪብቶዬን በመዳፌ እያሸሁ ሳሞቅ ባለጉዳይ ፊቴ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከሰው ጋር ብዙ አልሥቅም። «ያቺ ፊቷ የማይፈታው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናቸው።

ከገጠር የሚመጣ አባት የልጁን የልደት ቀን በቁጥር አያውቅም። እናትየው ታውቅ ይሆናል፤ የሚመጣው ግን አባትየው ነው። «መቼ ተወለደ?» ስለው ቀን አይነግረኝም፤ በዚያ ሰሞን የሆነውን ነገር ነው የሚነግረኝ። አምቦ ላይ ተማሪው ወጥቶ የተተኮሰበት ሚያዝያ። የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጁ የታወጀ ሰሞን። ስልክና ኢንተርኔት የጠፋበት በጋ። በሽታው ገብቶ ገበያ የተከለከለ ጊዜ። መንገዱ ተዘግቶ ድንቹ ጓሮ የበሰበሰበት ዓመት። ከዚህ ተነሥቼ ዓመቱንና ወሩን አገኘዋለሁ፤ ይህን ያህል ሠርቼበታለሁ። ቀኑን ግን ማንም አይነግረኝም፤ ፎርሙ ደግሞ ቀን ይፈልጋል። ሥልጠና ላይ ይህን የጠየቅሁት አሠልጣኝ «ጠጋ ብለሽ አውጣጫቸው» ብሎኝ ለሻይ ወጣ።

ባለቤቴ የታሪክ መምህር ነው። እኔ ሰው ይዤ ቀን ስፈልግ እሱ ቀን ይዞ ሰው ይፈልጋል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ፣ ተማሪዎቹ በድምፅ ማጉያ የሚያሰሙት ዝግጅት፣ በእሱ እጅ ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ «ዛሬ በታሪክ» ይነበባል። ለዚህ ብሎ ያዘጋጀው ወፍራም ደብተር አለው፤ ከመስከረም አንድ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ለያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ። በገጹ ላይ በዚያ ዕለት የሆነው፣ የተወለደው፣ የሞተው ይሰፍራል። የፈረንጆቹን ቀን ወደ እኛ የሚመልሰው በጣቱ እየቆጠረ ነው። አንድ የሒሳብ መምህር «የድሮው ቆጠራ ባንድ ቀን ይዛነፋል፤ ግማሹን ሰው ያለ ቀኑ ነው የገደልከው» እያለ ሲነዘንዘው ኖሯል። ባለቤቴ ግድ የለውም። ኩራቱ አንድም ገጽ ባዶ አለመሆኑ ነው። ጳጉሜን እንኳ ባዶዋን አላሳደራትም።

ከገጾቹ ሁሉ የሚወደው ሚያዝያ ሃያ ሰባትን ነበር። ጠላት አዲስ አበባ የገባው በዚያ ቀን ነው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ንጉሡ ከስደት ተመልሰው የገቡትም በዚያው ቀን ነው። ከውጭው ዓለም ደግሞ አንድ የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት በግዞት ደሴቱ ላይ ሞቶበታል፣ ዓለምን ያተራመሰ አንድ ጀርመናዊ አሳቢም ተወልዶበታል ብሎ ጽፏል። የሒሳብ መምህሩ ሁለቱንም ወደ ሃያ ስምንት ይገፋቸዋል። «አየሽ» ይለኝ ነበር ባለቤቴ፣ «ማጣትና ማግኘት አንድ ቀን ላይ!» እኔ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ እሺ እለው ነበር።

የምዝገባው ሥራ በተጀመረ በመጀመሪያው ዓመት አረገዝኩ። በሚያዝያ ሃያ ስድስት፣ ገና ሰባተኛ ወሬን ሳልጨርስ፣ የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። ጤና ጣቢያው ወደ አምቦ ላከን። የጎጆ መንገድ ድንጋይ ነው፤ አምቡላንሱ ውስጥ ባለቤቴ ራሴን በሁለት እጁ ይዞ እንዳይንገጫገጭ ሲታገል ትዝ ይለኛል። በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወለድኩ። ወንድ። አለቀሰ። ቀጭን ልቅሶ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ኮሪደሩ ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ በዓል ስለሆነ አርበኞች ሜዳልያቸውን ደርድረው ሲሰለፉ ያሳያል። ባለቤቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ዐይኑን እዚያ ላይ ተክሎ ነበር፤ ማየቱን ግን እንጃ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ልጁ ሞተ። ሳንባው አልደረሰም አሉን። የሚችሉትን ሁሉ አድርገዋል፤ በዐይኔ አይቻለሁ። ነርሷ ስትወጣ ባለቤቴ «ዛሬ ሃያ ሰባት ነው» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ያን ቀን ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ፍትሐት የለውም፤ ዕድሩም ድንኳን አይተክልለትም፤ ለቅሶ የሚቀመጥለትም የለም። ባለቤቴና ወንድሙ በነጠላዬ ጠቅልለው ወስደው ቀበሩት። ቤቴ ስመለስ ጎረቤቶቼ አጥሚት ይዘው መጡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉኝ። ለወለደች ሁሉ የሚባል ነውና ለእኔም ተባለ። «ገና ልጅ ነሽ፤ ትወልጃለሽ» አሉኝ። አጥሚቱን ጠጣሁ። አጥር የምትጋራኝ ጴንጤ ጎረቤቴ ብቻ እጄን ይዛ ጸልያ ስትጨርስ «ምን ይመስል ነበር?» አለችኝ። «ሕፃን» አልኳት። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ የለም።

ምንም አይሰማኝም ነበር። ለማካበድ ብዬ አይደለም። እግር ሲደነዝዝ ቢቆነጥጡትም የሌላ ሰው እግር እንደሚመስለው ነበር ነገሩ። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ጫማውን ከበር ላይ አነሣለታለሁ። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም።

ሕጉን በቃሌ አውቀዋለሁ። በሕይወት የተወለደ ሕፃን፣ አንዴ እንኳ ካለቀሰ፣ ወዲያው ቢሞትም ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። አንዴ ልደቱ፣ አንዴ ሞቱ። ይህን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ሞት በሠላሳ ቀን ውስጥ፣ ልደት በዘጠና ቀን ውስጥ። የወሊድ ፈቃዴን ሳልጨርስ ሥራ ገብቼ ስለነበር በሠላሳ አንደኛው ቀን ወረፋ እያስተናገድኩ «ሞቱ አለፈ» አልኩ በልቤ። በዘጠና አንደኛው ቀን «ልደቱም አለፈ» አልኩ። ጊዜው ካለፈም በኋላ ምክንያት ተጠቅሶ እንደሚመዘገብ አላጣሁትም፤ ለስንቱ ሰው አድርጌዋለሁ። ለራሴ ግን ፎርሙን ማውጣት አልሆንልኝ አለ። የመጀመሪያው መስመር ስም ይላል። እኛ ደግሞ ስም አላወጣንለትም።

በዓመቱ አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ መጡ። «አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። የመጨረሻ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ነው። በኦሮምኛ አውጣጣኋቸው። ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ከዚያ በላይ የሚያውቁት ነገር የለም።

«ቀኑን ይንገሩኝ እንጂ አባባ» አልኳቸው።

«ቀኑን አንቺ ጻፊ። የተማርሽው አንቺ አይደለሽ?»

ሃያ ሰባት ብዬ ጻፍኩ። አስቤ ነው ብል ውሸት ነው፣ ሳላስብ ነው ብልም ውሸት ነው። እጄ ሲጽፍ አየሁት፤ አላስቆምኩትም። ሽማግሌው የልደት ካርዱን በፌስታል ጠቅልለው ኪሳቸው ከተው «ዋቃዮ ሲፍ ሃ ኬኑ» ብለው ሄዱ። እግዚአብሔር ይስጥሽ ነው። ያን ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ከወለድኩ ወዲህ እንደዚያ በልቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀጠለ። ቀን የሚያውቅ ባለጉዳይ ሲመጣ የነገረኝን እጽፋለሁ፤ በዚህ ማንም አይከሰኝም። ቀን የማያውቅ ሲመጣ ግን፣ ልጁ በዚያ ሰሞን አካባቢ የተወለደ ከሆነ፣ ሃያ ሰባትን እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ ሚያዝያ መሆኑን አረጋግጬ ነበር የምሰጠው። በኋላ «ግንቦት መሰለኝ» ያለውንም ወደ ሚያዝያ መለስኩት። «መጋቢት ይሆን እንዴ» ያለውንም አመጣሁት። ዓመታቸው ይለያያል፣ ወንድም ሴትም አለበት፤ ቀናቸው አንድ ነው። ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። መንግሥት አምኖ ማህተም ሰጥቶኝ በሰው ልጆች ላይ ዋሸሁ። ሲገባኝ ግን ደንግጬ አላቆምኩም፤ እንዲያውም ካርዱን ሳትም ደስ የሚል ነገር ነበረው። በዚያ ቀን የተወለደ ልጅ አድጎ፣ በእግሩ ሄዶ፣ ውሃ ሲቀዳና ድንጋይ ሲወረውር ይታየኝ ነበር። ሌላ ደስታ አልነበረኝም።

እኛ ዘንድ ሌላ ልጅ አልመጣም። አምቦም አዲስ አበባም ታየን፤ «ምንም የለባችሁም» ይሉናል። ምንም የሌለብን ሁለት ሰዎች ሆነን ስድስት ዓመት ኖርን። የአርበኞች ቀን በየዓመቱ ይመጣል፤ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፣ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው፣ ስለዚህ ሁለታችንም ቤት ውስጥ ነን። እሱ ሬዲዮ ይከፍታል፣ እኔ ልብስ አጥባለሁ። ስለ ልጁ አንድ ቃል አናነሣም። እውነቱን ለመናገር እናደድበት ነበር። ለሰው አገር ንጉሥ ገጽ የሚሰጥ ሰው ለራሱ ልጅ አፉን መክፈት ያቅተዋል? እኔስ ከፍቼ ነበር ወይ? አልከፈትኩም።

በስድስተኛው ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የራሱን ሚኒ ሚዲያ አቋቋመ። ባለቤቴ ለማጉያው ሽቦ ከመዘርጋት ጀምሮ ረዳቸው፤ «ዛሬ በታሪክ»ንም አስጀመራቸው። ዝግጅቱን የያዘው ወጣት መምህር ከተሜ ነገር ይወዳል፤ ታሪኩ ካበቃ በኋላ የዕለቱን ልደተኞች ከመዝገብ እየፈለገ ስማቸውን መጥራት፣ ማስጨብጨብ ጨመረበት። ጎጆ ላይ የገበሬ ልጅ ልደት ሲከበር ታይቶ አይታወቅም። ልጆቹ ወደዱት። የሚያዝያ ሃያ ሰባት ልደተኞች በበዓሉ ትምህርት ቤቱ ዝግ ስለሆነ በዋዜማው ይጠሩ ተባለ። ባለቤቴ ያን ጠዋት ስለ አርበኞች ቀን እንዲያነብ በእንግድነት ተጋብዞ ሄደ። የሚቀጥለውን የማውቀው እሱ ከነገረኝ ነው።

ጠላት የገባበትን አነበበ፣ ንጉሡ የተመለሱበትን አነበበ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ ወጣቱ መምህር ማይኩን ተቀብሎ ስም መጥራት ጀመረ። የተጠራው ልጅ ከሰልፉ ወጥቶ ፊት ይቆማል። ሦስት ወጡ፣ አራት ወጡ፣ ሰልፉ አጨበጨበ። ሰባት ሲሞሉ ሣቅ መጣ። ስሙ ግን አላለቀም። አንደኛ ክፍልም አለ፣ አራተኛ ክፍልም አለ፤ ጥርሱ የወለቀ አለ፣ ወንድሟን አስከትላ የወጣች አለች። ወንድምዬው የሌላ ዓመት ልጅ ነው፤ ቀኑ ያው ነው። መምህሩ «ምነው፣ ሁላችሁንም ባንድ አምቡላንስ ነው እንዴ ያመጧችሁ!» ብሎ ቀለደ። አሥራ ዘጠኝ ልጆች ወጡ። ብዙዎቹ የልደት ቀን የሚባል ነገር እንዳላቸው የሰሙት ያኔ ነበር፤ በደስታ እርስ በርስ ይነካካሉ። ርእሰ መምህሩ ግን አልሣቁም። መዝገቡን አምጡልኝ አሉ።

ባለቤቴ ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ቢሮዬን የረገጠው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ወረፋው ላይ ያሉትን ይቅርታ ጠይቆ ገባና የባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አሥራ ዘጠኝ ልጆች ወጡ» አለኝ።

«ከየት?»

«ከሰልፍ። ነገ ልደታቸው ነው።»

ማህተሙን ቀለሙ ላይ ጫንኩት፤ ከዚያ አላነሣሁትም።

«አንቺ ነሽ» አለ።

«እኔ ነኝ።»

ይጮኽብኛል ብዬ ነበር። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን እጁን እያየ «ሁሉንም ጨበጥኳቸው» አለ። «እንኳን ተወለዳችሁ አልኳቸው። አንዷ እጄን አለቅም ብላኝ ነበር።» ከዚያ «የኛስ?» አለኝ።

«ጊዜው አልፏል።»

«እሱን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ደብተሩን ከጃኬቱ ውስጥ አውጥቶ ገጹን ገለጠልኝ። የተወለደው ከሚለው ሥር አንድ ቦታ፣ የሞተው ከሚለው ሥርም አንድ ቦታ ወረቀቱ ሳስቷል። ጽፎ ፍቆ፣ ጽፎ ፍቆ። «ከየትኛው እንደምጀምር አላውቅም» አለኝ። «በየዓመቱ እጀምረዋለሁ።» ስድስት ዓመት የተናደድኩበት ሰው ነው ይህን የሚለኝ። አፈርኩ። ማፈር ከተሰማኝ ቆይቶ ነበርና ወዲያው ለየሁት።

ከበዓሉ በኋላ የርእሰ መምህሩ ደብዳቤ ወረዳው ደረሰ። የወረዳው ኃላፊያችን ለጡረታ የተቃረቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ኦቦ፣ አቶ እንደ ማለት፣ እያልን ነው የምንጠራቸው። ከእኔ መዝገብ ራሳቸው ለቅመው ዝርዝር ሠርተው መጡ። ትምህርት ቤት ያልገቡት ሲጨመሩ ሃያ ሦስት ልጆች ሆነዋል። በሩን ዘግተው ዝርዝሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩትና በሌባ ጣታቸው ከላይ እስከ ታች ወረዱበት።

«ስንፍና ነው ብዬ ነበር» አሉ። «ሰነፍ ግን ወር አጋማሽ ይጽፋል፣ ወር መባቻ ይጽፋል። ሆን ብሎ ሃያ ሰባትን የሚመርጥ ሰነፍ አላየሁም። አላስከፈልሽም፤ አጣርቻለሁ። እሺ፣ ምንድን ነው ነገሩ?»

ዝርዝሩን ወደ እኔ ሳብኩት።

«እንግዲያው በዚህ እንጀምር» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ከእነዚህ ውስጥ በእርግጥ ሚያዝያ ሃያ ሰባት የተወለደው የትኛው ነው? እሱን እንለይና የቀረውን እናርማለን።»

«እሱ እዚህ ውስጥ የለም» አልኳቸው።

«ማን?»

«በሃያ ሰባት የተወለደው።»

ያኔ ነገርኳቸው። ሰዓቱን፣ አምቡላንሱን፣ ነጠላውን፣ ሁለቱን ቀነ ገደብ። የሌላ ሰው ጉዳይ እንደማስረዳ ነበር የነገርኳቸው። እሳቸው ጣታቸውን ከዝርዝሩ ላይ አነሡ። ከዚያ እንደ ኃላፊ ተናገሩ፦ የሃያ ሦስቱ ልጆች ወላጆች አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ እናቶቹ ይምጡ፤ የሚያስታውሱትን ይናገሩ፤ ካርዱ ይታረማል። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሰኛል፤ ደመወዜም ይቀጣል። ከሥራ እንዳልወጣ እንደሚሞክሩ፣ ቃል ግን እንደማይገቡ ነገሩኝ። ሁሉንም እሺ አልኩ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ደንግጬ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ አልደነገጥኩም። ከሁሉ የከበደኝ እነዚያ ልጆች ቀናቸውን ሲቀሙ ማሰብ ነበር፤ እሱም ቢሆን የእኔ ሥራ ነው።

«አሁን ፎርም አውጪ» አሉኝ።

«የምን ፎርም?»

«የልደት አንድ፣ የሞት አንድ። የራስሽን አንቺ አትጽፊም፤ እኔ እጽፋለሁ። ባለቤትሽን ጥሪው፤ እሱም ይፈርማል።»

ደወልኩለት። ክፍል ውስጥ ነበር፤ ትምህርቱን አቋርጦ መጣ። እጁ ላይ ጠመኔ አለ። ኃላፊው ተነሥተው በስሙ ጠርተው ሰላም አሉት፤ ድሮ ልጃቸውን አስተምሮ ነበርና ይተዋወቃሉ። ሁለታችንን ባለጉዳይ በሚቀመጥበት በኩል አስቀመጡን። ከዚያኛው በኩል ተቀምጬ አላውቅም። ወንበሩ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የነገረኝ ባለጉዳይ የለም።

ኃላፊው የልደቱን ፎርም ወደራሳቸው አስጠጉ። «ስም» አሉና ቀና ብለው አዩን። ባለቤቴ እኔን አየ፤ እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። «ይቆይ፤ እንመለስበታለን» ብለው አለፉት። ፆታ። ወንድ። የተወለደበት ቦታ። አምቦ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ሰዓት። ሲወለድ ነጠላ ነው መንታ? ነጠላ። የእናት ስም፣ የእናት ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ሥራ። «መዝጋቢ» አልኩ ለሥራው፤ ጻፉት። ለሰው ሁሉ ስጠይቅ የኖርኩትን ሲጠይቁኝ እያንዳንዱ ጥያቄ እንዲህ ረጅም መሆኑ ገረመኝ። ከዚያ የሞቱን ፎርም ወሰዱ። ቀን ሲደርሱ ከመጀመሪያው ፎርም ላይ አይተው ያንኑ ገለበጡ። ወር፣ ያው። ዓመት፣ ያው። ዕድሜ የሚለው ላይ እስክሪብቷቸው ቆመ። ፎርሙ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ይላል እንጂ ሌላ ቦታ የለውም።

«ሰባት ሰዓት» አልኳቸው።

ከመስመሩ ውጭ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በደቃቃ ጽሑፍ ሰባት ሰዓት ብለው ጻፉ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል። እኔ እጁን ያዝኩት። ጠመኔው ወደ እጄ ዞረ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያልመጣው ነገር ደረቴ ውስጥ ሲነቃ ይሰማኝ ነበር፤ ደስ አይልም፣ ያማል። ግን የራሴ ነበር።

«እንመለስ» አሉ ኃላፊው። «ስም?»

ስም ነበረው። ስም አላወጣንለትም ያልኩት፣ ለማንም ስላልተናገርኩት ነው። ቤት ውስጥ ልብስ ሳጥብ፣ መንገድ ላይ ብቻዬን ስሄድ በልቤ እጠራው ነበር፤ ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ተናገርኩት። ትንሽ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ተሰማ። ባለቤቴ ዞሮ አየኝ፤ ከየት አመጣሽው አላለኝም። በከንፈሩ ደገመው። ኃላፊው ፊደሉን እየለዩ፣ ሳይቸኩሉ ጻፉት፤ በሁለቱም ፎርም ላይ።

ከዚያ፣ ገና አሁን በስሙ ጠርተው ሰላም ያሉትን ሰው፣ ለሰው ሁሉ እንደሚጠየቀው ጠየቁት።

«የአባት ስም?»

ባለቤቴ ከወንበሩ ተነሣ። ቆሞ፣ የራሱን ስም ተናገረ።